በሐበሻ ነው በፈረንጅ? ኮምፒውተሩ አይጠይቅም

ኢትዮጵያ ውስጥ ቀጠሮ ሲያዝ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠ ይጠይቃል። ውጭ አገር ካለ ወንድሙ ጋር በስልክ የተቀጣጠረ ይጠይቃል። የኢንተርኔት ስብሰባ ጥሪ የደረሰው ሠራተኛም ይጠይቃል። ጥያቄው ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም፤ ስንቱን ግን ከመንገድ ከመቅረት አድኗል። የሁለት ሰዎች ሰዓት ቢለያይ ተነጋግረው ይግባባሉ። የሁለት ኮምፒውተሮች ሰዓት ሲለያይ ግን አንዱ ሌላውን «በየትኛው ነው?» አይለውም። ሁለቱም እርግጠኛ ሆነው ይጽፋሉ። የጻፉት ደግሞ መዝገብ ይሆናል።

ነገሩ ሲሰሙት የአይቲ ባለሙያ ራስ ምታት ብቻ ይመስላል። መንግሥት አገልግሎቱን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያዛወረ ባለበት አገር ግን ማን ቀድሞ አመለከተ፣ ማን መቼ አጸደቀ፣ ገንዘቡ የወጣው ከመፈቀዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው የማሽኑ ሰዓት ነው። ድሮ ይህን የሚመልሰው የመዝገቡ መስመር ነበር። ከላይ የተጻፈው ቀድሟል፣ ከታች ያለው ተከትሏል፤ ሙግት የለውም። አሁን ሦስት ሰዎች በሦስት ማሽን ላይ ይጽፋሉ፤ ቅደም ተከተሉን የሚያስይዘው ሰዓት ብቻ ነው።

ቢዮ አዋሌን ለምሳሌ ያህል መውሰድ ይቻላል። ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት፤ «ቢዮ» በሶማልኛ ውኃ ማለት ነው። አንባቢ እዚያ አንድ ቢሮ በዓይነ ኅሊናው ይሳል። ቢሮው የሐሳብ ነው፤ በውስጡ ያለው ችግር ግን ከከተማ ራቅ ባለ፣ መብራት በሚሄድበትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት በየትኛውም ቢሮ ሊገጥም የሚችል ነው። በአንዲት ስዊች የተያያዙ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። በአንደኛው መዝጋቢዋ የክፍያ ጥያቄ ትቀበላለች። በሁለተኛው ኃላፊው ያጸድቃል። በሦስተኛው ገንዘብ ያዡ ይከፍላል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ አንድ ጥያቄ ይመዘገባል። የመዝጋቢዋ ማሽን ማንም ስላልነካው «8:40» ብሎ ይጽፋል። ኃላፊው ሰዓት በሐበሻ ካልሆነ አይመቸውምና የራሱን ማሽን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል፤ ከ12 ደቂቃ በኋላ ሲያጸድቅ «2:52» ተብሎ ይጻፋል። የገንዘብ ያዡ ማሽን ባትሪው ስለሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ከዓመታት በፊት ወደነበረ አንድ ጥር 1 ቀን ይመለሳል። ክፍያውንም በዚያው ቀን ይመዘግበዋል።

በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር መጥቶ መዝገቡን በሰዓት ቅደም ተከተል ሲያስወጣ የሚያነበው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ተከፈለ፤ ቀጥሎ ጸደቀ፤ በመጨረሻ ተጠየቀ። ሦስቱም ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስቱም ሌባ ናቸው።

ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ስድስት ሰዓት የተሳሳተ ሰዓት ይጮኻል፤ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። የሚያስፈራው በ15 ደቂቃ የተሳሳተው ነው። ማንም አይጠረጥረውም። በ3:25 የጸደቀ ክፍያ በ3:10 ተከፍሏል የሚል መዝገብ ሰው ያስከስሳል።

ሰዓቶቹ ለምን ይለያያሉ? ሥሩ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለች ቁራጭ ኳርትዝ ላይ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ሰዓት የሚቆጥረው ክፍል በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ክሪስታል አለችው፤ የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችውም ያችው ናት። ክሪስታሏ ፍጹም አይደለችም። ከሚሊዮን 20 እጅ ስህተት ለዚህ ዓይነት ዕቃ የተለመደ ነው፤ በቀን ወደ 1.7 ሴኮንድ፣ በዓመት ከ10 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። አንዱ ማሽን የሚቀድም፣ ሌላው የሚዘገይ ከሆነ በዓመቱ መካከላቸው 20 ደቂቃ ይገባል። በዚያ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት አለ። እነዚህ ክሪስታሎች በትክክል የሚሠሩት 25 ዲግሪ ሴልሽየስ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ይዘገያሉ። 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ብቻውን በቀን ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። ደጋ ላይ ካለ ቢሮና ቆላ ካለ ቢሮ በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ቀን የተስተካከሉ ሁለት ማሽኖች ከርመው ሲገናኙ ልዩነት ቢያሳዩ ጥፋተኛ መፈለግ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ባትሪዋ ናት፤ ሳንቲም የምታክለው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ። ዓመታት ታገለግልና ትሞታለች። መብራት በማይጠፋበት ቦታ መሞቷ እንኳ ላይታወቅ ይችላል። መብራት በሚሄድበት ቦታ ግን ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ከሞት እንደተነሳ ሰው ዘመኑን ሳያውቅ ይነቃል። የኮምፒውተሩ ዋጋና የባትሪዋ ዋጋ ሲተያዩ ይህ ዓይነቱ ብልሽት ዓመት ሙሉ መቆየቱ ይገርማል።

እስከዚህ ያለው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ጣጣ ነው። ኢትዮጵያ የራሷ ጨምራለች፤ የሐበሻው ሰዓት ጥፋት ግን አይደለም። ቀኑ ከንጋት ሲጀምር ሰዓትም ከንጋት መቆጠሩ ከእኩለ ሌሊት ከመቁጠር ያነሰ ምክንያት የለውም። ጥፋቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማደባለቅ ነው። ኮምፒውተር በውስጡ የሚይዘው አንድ የዓለም ሰዓት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከዚያ ላይ ተደምሮ ወይም ተቀንሶ የሚገኝ ነው፤ ለኢትዮጵያ 3 ሰዓት ይደመራል። ኃላፊው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በፈረንጅ 8 ሰዓት ላይ፣ ማሽኑን በእጁ «2:00» ሲያደርገው የለወጠው የሚታየውን ብቻ መስሎታል። ማሽኑ ግን «እዚህ 2 ሰዓት ከሆነ በዓለም ሰዓት ገና ትናንት ከሌሊቱ 11 ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ይህ 11 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለዓለም የሚነግረውም ይህንኑ ነው።

ከዚያ አስቂኝ ጦርነት ይጀመራል። ኢንተርኔት ሲመጣ ዊንዶውስ ትክክለኛውን ሰዓት ጠይቆ ወደ 8 ይመልሰዋል። ኃላፊው በማግሥቱ መጥቶ «ይሄ ማሽን ሰዓት ያበላሻል» ይልና እንደገና ወደ 2 ያወርደዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ አንድ የሚያውቅ ልጅ ተጠርቶ ሰዓት በራሱ የሚስተካከልበትን ቁልፍ ያጠፋለታል። ኃላፊው ይደሰታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ኮምፒውተር ከዓለም ጋር ያለው ግንኙነት ተቆርጧል፤ ክሪስታሏ እንዳሻት ትነዳዋለች።

ዓመተ ምሕረቱን የሚለውጥ ሲገኝ ደግሞ ይብሳል። በሐበሻ 2017 ሲሆን በፈረንጅ 2024 ወይም 2025 ነው። አንዱ ተነስቶ ማሽኑን 2017 ቢያደርገው ምን ይሆናል? ድረ ገጾች ሲከፈቱ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ያለው የማንነት ምስክር ወረቀት ያሳያሉ። ማሽኑ ወደ ኋላ በሄደበት ዘመን ያ ወረቀት ገና አልተወለደም። ስለዚህ አሳሹ ገጹን አይከፍትም። ዋትስአፕም ስልክ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያይ ቀኑ ትክክል አይደለም ብሎ ይቆማል። ተጠቃሚው ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ ቴሌን ይራገማል። ዊንዶውስም በዚህ ጊዜ አያድነውም፤ በተለመደው ቅንብሩ ስህተቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ ሳያርም እጁን ይሰበስባል። ሰባት ዓመት ከ15 ሰዓት ይበልጣል።

በጎን አንድ ነገር። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ቀጠና ሊመርጥ የገባ ሰው አዲስ አበባን ፈልጎ አያገኛትም። ያለችው ናይሮቢ ናት። ግራ የገባው ሪያድን ይመርጣል፣ ሌላው ሞስኮን። ሪያድ ጉዳት የላትም፤ እሷም 3 ሰዓት ነው የምትደምረው። ሩስያ ግን እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ሰዓቷን ወደ 4 ከፍ አድርጋ ስለነበር ሞስኮን የመረጠ ቢሮ በእነዚያ ዓመታት በአንድ ሰዓት ሊሳሳት ይችል ነበር። ደግሞ የናይሮቢ ሰው ራሱ በስዋሂሊ ሲናገር ሰዓቱን እንደ ሐበሻው ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋት 8 ሰዓትን «ሁለት ሰዓት» ይለዋል። ችግሩን በሐበሻ ግትርነት ለሚያሳብቡ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ስክሪኑ ላይ የሐበሻ ሰዓት ካላየሁ ለሚል መፍትሔ አለው፤ ሰዓቱን ሳይሆን ቀጠናውን መቀየር። የብራዚሏ ብራዚሊያ ከኢትዮጵያ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2019 የበጋ ሰዓት ለውጧን ስላስቀረች ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አይናወጥም። ቀጠናው ብራዚሊያ የተደረገ ማሽን ጠዋት 2 ሲሆን «2» ያሳያል፤ በውስጡ የያዘው የዓለም ሰዓት ግን አልተነካም። ጨዋታ ይመስላል፤ በእጅ ከመጎተት ግን በብዙ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ማሽኑን ለራሱ ትቶ በሐበሻ የተሞላ የግድግዳ ሰዓት መስቀል ነው።

አሁን ወደ መስማማቱ። ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚጠያየቁበት ሥርዓት ኤንቲፒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ ያደረጉት በአሜሪካ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዴቪድ ሚልስ ናቸው፤ በጥር 2024 አረፉ። የዓይን ችግር ይዘው የተወለዱና በኋላም ብርሃናቸውን ያጡ ሰው ነበሩ። ዛሬ የዓለም ስልክና ኮምፒውተር በአብዛኛው በዚህ ሥርዓት ወይም በእሱ ልጆች ሰዓቱን ይሞላል።

አሠራሩ ጎረቤት ሰዓት ጠይቅ ተብሎ እንደተላከ ልጅ ነው። ልጁ ሲሄድ እናቱ የራሷን ሰዓት ታያለች፦ 2:00 ከ0 ሴኮንድ። ጎረቤት ደርሶ ሲጠይቅ የጎረቤቱ ሰዓት 2:05 ከ1 ሴኮንድ ይላል። ልጁ ወዲያው ተመልሶ ሲገባ የእናቱ ሰዓት 2:00 ከ2 ሴኮንድ ሆኗል። መንገዱ በደርሶ መልስ 2 ሴኮንድ ፈጅቷል፤ ስለዚህ ልጁ ጎረቤት የደረሰው በእናቱ ሰዓት 2:00 ከ1 ሴኮንድ ላይ መሆን አለበት። እንግዲህ የእናትየው ሰዓት ልክ 5 ደቂቃ ይዘገያል። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ደጋግሞ፣ ከአንድ በላይ ጎረቤት እየጠየቀ፣ የሚዋሸውን እየለየ። ድካሙ አንድ ነው፦ ልጁ ሲሄድ ሮጦ ሲመለስ ካዘገመ ስሌቱ ይዛባል። በተጨናነቀ የሞባይል ኔትወርክ ላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ቢሆንም ስህተቱ የሴኮንድ ክፍልፋይ እንጂ ደቂቃ አይሆንም። ለቢሮ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የኤንቲፒ ፕሮግራም ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ልዩነቱ ከ1,000 ሴኮንድ ከበለጠ፣ ማለትም ከ17 ደቂቃ ገደማ ካለፈ፣ «እዚህ የተበላሸ ነገር አለ፣ ሰው ይየው» ብሎ ሥራውን ትቶ ይወጣል። ስድስት ሰዓት 21,600 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ፕሮግራሙን ጭኖ ወደ ከተማ ቢመለስ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም፤ ፕሮግራሙ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። የኔትወርክ መግቢያ ፈቃድ ላይም ተመሳሳይ ድንበር አለ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ከርበሮስ የተባለው ሥርዓት በተለመደው ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ በላይ የተለያየ ማሽንን አያስገባም። ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን አሥር ጊዜ ይሞክራል፤ ስህተቱ ያለው ግን ሰዓቱ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ለሰዓት ጉዳይ ባዳ አይደለችም። ከተማዋ ራሷ የሸመንደፈር ልጅ ናት፤ ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ተቆረቆረች። በነጠላ ሐዲድ ከሁለት ጫፍ የሚነሱ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው፤ ሁለት የጣቢያ ሹሞች የተለያየ ሰዓት ይዘው መዋል አይችሉም። በብሪታንያም በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በየከተማው የነበረውን የተለያየ ሰዓት ወደ አንድ እንዲመጣ የገፉት የባቡር ድርጅቶች ናቸው። ከፍልስፍና ይልቅ የግጭት ፍርሃት አስማማቸው። የቢሮ ኮምፒውተር ሲጋጭ ግን ድምፅ የለውም፤ ማንም የማይቸኩለው ለዚህ ይመስላል።

የሚጎዳው ሰው ግን አለ። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ጥሩ ነው። ዕውቅናው የሚጠቅመው ግን መዝገቡ ላይ ያለው ሰዓት እውነት ሲሆን ነው። በብሪታንያ ሆራይዘን የተባለው የፖስታ ቤቶች የሂሳብ ሶፍትዌር ባመጣው ስህተት እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች ወንጀለኛ ተብለው ተፈርዶባቸዋል። ያ ስህተት የሰዓት አልነበረም። ትምህርቱ ግን ያው ነው፦ ማሽኑ የጻፈውና ሰውየው የሚምለው ሲጋጩ ፍርድ ቤት ማሽኑን ያምናል። ቢዮ አዋሌ ያለ ገንዘብ ያዥ «ባትሪው ሞቶ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል?

ከገንዘብ የከበደም አለ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዝናቡ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ወንዝ ማስጠንቀቂያ የሚሠራው ላይና ታች የተተከሉ መለኪያዎች የመዘገቡትን ሰዓት አነጻጽሮ ነው፤ ላይ ከሞላ በኋላ ታች እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚለው የሚታወቀው ከዚህ ነው። የላይኛው መለኪያ ሰዓት 20 ደቂቃ ቢዘገይ፣ በእርግጥ ከምሽቱ 2:20 ላይ የሞላውን ወንዝ 2:00 ብሎ ይጽፋል። ጎርፉ ከተማ የገባው 3:30 ላይ ከሆነ ስሌቱ 90 ደቂቃ ይላል። እውነቱ 70 ነው። የሌሉት 20 ደቂቃዎች ቤተሰብ ቀስቅሶ ወደ ከፍታ ለመውጣት የሚታሰቡት ናቸው።

እንግዲህ ሰዓት ከየት ይምጣ? «ከኢንተርኔት» ማለት ቀላል ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ቆይቷል። በእነዚያ ሳምንታት ከውጭ ሰዓት የሚጠይቅ ማሽን ሁሉ የሚመልስለት አልነበረም። የመዝገብ ሰዓትን እንዲህ በሚቆረጥ ገመድ ላይ ብቻ ማንጠልጠል ተገቢ አይደለም። ሰማይ ላይ ያለው ምንጭ አይዘጋም፤ የጂፒኤስ ሳተላይቶች የአቶም ሰዓት ተሸክመው ትክክለኛ ጊዜ በነጻ ይበትናሉ፤ አንቴናዋ ሰማይ እስካየች ድረስ አንድ ትንሽ መቀበያ ይበቃል። አስተዳደሩ ከተማ ላይ አንድ እንዲህ ያለ የሰዓት ሰርቨር ቢያቆም፣ የገጠር ቢሮዎችም በውስጥ ኔትወርክ ከእሱ ቢጠይቁ፣ ከመኪና ግዢ ጋር ሲተያይ ወጪው የሚነሳ አይደለም።

ያም እስኪሆን የቢዮ አዋሌው ቢሮ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ከሦስቱ ማሽኖች አንዱ ሰዓት ሰጪ ይሁን፣ ሁለቱ ከእሱ ይውሰዱ። ሰዓት ሰጪው ራሱ 3 ደቂቃ ቢሳሳት እንኳ ሦስቱም እኩል ተሳስተዋልና ቅደም ተከተሉ አይፋለስም። አብሮ መሳሳት ተለያይቶ ግማሽ ትክክል ከመሆን ይሻላል። ይህን የማይቀበሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ኦዲት የቀረበበት ሰው ግን ይገባዋል።

የማስተካከሉ ሥራ ከሰዓቱ አይጀምርም። መጀመሪያ ዓመቱ ይታያል፣ ቀጥሎ ቀጠናው፣ ቀጥሎ ባትሪዋ ትቀየራለች። ራሱን የሚያስተካክልበት ቁልፍ ይመለሳል። ኔትወርኩ ላይ ያለው የጥበቃ ሶፍትዌር ኤንቲፒ የሚያልፍበትን በር ቁጥር 123 ዘግቶት እንደሆነ ይፈተሻል፤ ብዙ ጊዜ ዘግቶት ይገኛል። ሥራ እየተሠራ ሰዓትን ወደ ኋላ መመለስ ግን አይገባም። 3:30 የነበረ ማሽን ወደ 3:10 ሲመለስ ያ 20 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች አንድ ሰዓት ይዘው መዝገቡ ውስጥ ይገባሉ። ሥራ ካበቃ በኋላ፣ ፕሮግራሞቹ ተዘግተው ነው የሚደረገው።

ከመስተካከሉ በፊት ግን አንድ ወረቀት ይጻፋል። ሦስቱ ማሽኖች በዚያች ደቂቃ የሚያሳዩት ሰዓት ጎን ለጎን ይመዘገባል፤ የመጀመሪያው ይህን ያህል ይቀድማል፣ ሁለተኛው በስድስት ሰዓት ከይህን ያህል ደቂቃ ይዘገያል፣ የሦስተኛው ሰዓት ለመዝገብ አይታመንም። ቀኑ በሐበሻም በፈረንጅም ይጻፍበታል። ሦስቱም ሠራተኞች ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይደረግበታል፣ ኦዲተሩ ሲመጣ መጀመሪያ በሚከፍተው ፋይል ውስጥ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል።